የከሰልን ስውር ገዳይ ያጋለጠው ሐኪም

ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1860 በስኮትላንድ ኤድንብራ ተወለደ። ሕክምና ቢማርም ዕድሜውን የፈጀው ሰው የሚተነፍሰውን አየር በማጥናት ነው።

ለደማችን ቅላት የሚሰጠው ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለሰውነት ያደርሳል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ሄሞግሎቢኑ ላይ ይጣበቅና ቦታውን ይነጥቃል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም።

ሃልዴን በ1895 ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ ደሙን ለካ፤ ያቆመው ከሄሞግሎቢኑ ከግማሽ በላይ ከተያዘ በኋላ ነው። ድፍረት ነው ወይስ እብደት? በዓመቱ በዌልስ፣ ታይለርስታውን በሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ ፍንዳታ ደርሶ 57 ሰዎች ሞቱ። አስከሬኖቹን ሲመረምር አብዛኞቹን የገደለው ፍንዳታው ሳይሆን ይኸው ጋዝ ሆኖ አገኘው። ትንሽ እንስሳ ከሰው ቀድሞ ስለሚወድቅ፣ ሠራተኞቹ አይጥ ወይም ወፍ ይዘው እንዲገቡ መከረ። ካናሪ የምትባለው ወፍ በብሪታንያ ማውጫዎች እስከ 1980ዎቹ አገልግላለች።

በአል ሪጋ ጠባብ ክፍል፣ በብርዱ ወራት መስኮት ዘግተን ቡና የምናፈላበት ከሰልም የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው። እህቶቼ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡና አምቡላንስ በ998 ጥሩ። የተኛ ሰው ምልክቱን አያውቀውም።

ሃልዴን በስተርጅናው ወደ ባሕረ ሰላጤው ማዶም ተጉዟል፤ በፋርስ የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞችን የሚጥለውን ሙቀት ሊያጠና። ከዚያ እንደተመለሰ በማርች 1936 ኦክስፎርድ ውስጥ በሳንባ ምች አረፈ።