የቋራው ካሳ እና የወረታው ኮምፒዩተር

ባለፈው ጥር ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ስሄድ ወረታ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ፡፡ የአክስቴ ልጅ የፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሥራ አለው፡፡ ዴስክቶፑ ፔንቲየም 4 የሚባለው ዓይነት፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው፡፡ ችግሩ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ሥራ መሀል ላይ ድንገት ይጠፋና ራሱ ተመልሶ ይነሣል፡፡ ራም ለወጠለት፣ አልተሻለውም፡፡ ሃርድ ዲስክ ለወጠለት፣ ያው ነው፡፡ ዊንዶውስ እንደገና ጫነበት፣ ያው፡፡ በመጨረሻ ያለቀው ብልሽቱ ሳይሆን የአክስቴ ልጅ ገንዘብ ነበር፡፡

ያን ዕለት አንድ ወጣት ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ፡፡ ልጁ አንድም ነገር ሳይለውጥ ቮልት መለኪያውን አውጥቶ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን ቢጫ ሽቦ ለካ፡፡ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ መለኪያው 12 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ግን ከ11 በታች ይወርዳል፡፡ ደንቡ ከ11.4 በታች እንዳይወርድ ነው፡፡ ከዚያ ደህናነቱ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ ሰካበት፡፡ ኮምፒዩተሩ ዳነ፡፡ ለካስ በሽታው ያለው ከአንጎሉ ሳይሆን ከቀለቡ ኖሯል!

በማግስቱ ወረታ መገንጠያው ላይ ቆሜ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ሳይ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ፡፡ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ፡፡ የጋፋትን ስም ያስጠሩት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፡፡ የእርሳቸውን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው የጀግና ታሪክ አድርገን ነው፡፡ እኔ ግን ያን ዕለት የታየኝ የአንድ ብልሽት ፈላጊ ሕይወት ነው፡፡

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለዱ፡፡ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ጎንደር ላይ ያለው ንጉሥ ለስሙ ተቀምጦ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር ከተቀመጡት የየጁ ራሶች እጅ ገብቷል፡፡ ካሳ በልጅነታቸው ገዳም ገብተው ተማሩ፤ ጎልምሰው ሸፈቱ፡፡ ኃይላቸው ሲበረታ ራስ አሊ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩላቸው፡፡ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙና ተሸነፉ፡፡ ጀግንነት ብቻውን መድፍና ሥርዓት ያለውን ሠራዊት እንደማይችል በዓይናቸው አዩ፡፡ መድፍ የዕድሜ ልክ ሐሳባቸው ሆነ፡፡ ከዚያ መድፍ ጀርባ ግን ደመወዝ የሚከፍል ግምጃ ቤት ነበረ፤ እርሱ ከጦር ሜዳ ሆኖ አይታይም፡፡

በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረጉ፡፡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ውቤን አሸንፈው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፡፡

አሁን ወደ ቢጫው ሽቦ እንምጣ፡፡ አዲሱ ንጉሥ ወታደር ገበሬ ቤት ሰፍሮ እየበላ አገር እንደማይቆም ገብቷቸው ነበር፡፡ ወታደሩ ደመወዝ ይከፈለው ብለው ወሰኑ፡፡ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የተረፈው መሬት ለገበሬ ተሰጥቶ ግብር ይከፈልበት አሉ፡፡ ካህናቱ እምቢ አሉ፡፡ ከዚያ ወዲያ ንጉሡና ቤተ ክህነቱ አልተስማሙም፡፡ በእኔ በሕግ ተማሪው ዓይን የዘመነ መንግሥታቸው ዋና ጉዳይ ይህ ነው፡፡ ብልሽቱን በትክክል አግኝተውት ነበር፤ ለመጠገን ግን የሚተባበራቸው አላገኙም፡፡ አመፁ ከየአቅጣጫው ሲነሣ፣ ሥራ ሲበዛ ቮልቱ እንደሚወርድበት ማሽን፣ መንግሥቱ ይጠፋና ይነሣ ጀመር፡፡

ከዚህ በኋላ ያለው ዕቃ መለዋወጥ ነው፡፡ ሹም ይሻራል፣ ሹም ይታሰራል፡፡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፡፡ ጋፋት ላይ ያሉትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየርን፣ መድፍ ሥሩልኝ ብለው ያዙ፡፡ መጀመሪያ የሞከረው ፈረንሳዊ ቀላጭ ምድጃው እሳቱን መቋቋም አቅቶት ከሸፈበትና ተስፋ ቆረጠ፡፡ ሌሎቹ ስህተቱን እየፈለጉ፣ ምድጃውን እያሻሻሉ፣ ደጋግመው ሞከሩና ተሳካላቸው፡፡ በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ፡፡ ጋፋት ላይ ብልሽት እየተፈለገ ይታረም ነበር፡፡ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልተረፈም፡፡

በዚያው በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በንጉሡ ሠራዊት ተዘረፈች፡፡ የጉማራና የርብ ሜዳ ያለበት የበጌምድር ገበሬ፣ ከወታደር ሊያድኑት የተነሡለት ገበሬ፣ በወታደራቸው ተራቆተ፡፡ ግብር መሰብሰብ ያልቻለ መንግሥት ዘረፋ ገባ፡፡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደል እየናዱና መንገድ እየሠሩ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው መቅደላ ገቡ፡፡

ጄኔራል ናፒየር ከባሕር ተነሥቶ እስከ መቅደላ የመጣው ባብዛኛው ውጊያ ሳይገጥመው ነው፡፡ የትግራዩ ደጃች ካሳ መንገዱን ከፈቱለት፡፡ ሠራዊቱ ደግሞ ለእህሉም ለሣሩም በማርያ ቴሬዛ ብር ከፈለ፡፡ ገበሬው ከገዛ ንጉሡ ጦር የደበቀውን እህል ለባዕድ ጦር ሸጠ፡፡ ይህ ለእኔ ከአሮጌ ሽንፈት ይልቅ ያማል፡፡ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ፡፡ ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፡፡

እኛ ሐውልት ያቆምነው ለመድፉ ነው፡፡ ስለ ደመወዙና ስለ ገበሬው ግን ብዙም አናወራም፡፡ ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ አራት ሕገ መንግሥት ጽፈናል፡፡ እያንዳንዱ ሲመጣ ያለፈውን ነቅለን አዲስ ሰክተናል፡፡ ሕግ ያጠናሁ ሰው ነኝና ሕገ መንግሥት አያስፈልግም አልልም፡፡ ግን የወረታው ልጅ መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ አንዱን ብቻ ለወጠ፣ ለውጡም መሥራቱን አየ፡፡ አፄ ቴዎድሮስም ለክተው ነበር፤ ከመለኪያው ይልቅ ወደ መድፉ ያቻኮላቸው ትዕግሥት ማጣት ነው፡፡ እኛስ ለመሆኑ አንድ ቀን ለክተን እናውቃለን?

ቸር እንሰንብት፡፡