ካኖ ጂጎሮና መምህሮቹ

ካኖ ጂጎሮ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በጃፓን አገር በኮቤ አጠገብ ሚካጌ በምትባል መንደር ተወለደ። በቶኪዮ ይማር በነበረ ጊዜ አእምሮው ብሩህ ነበረ፤ ሰውነቱ ግን ቀጭንና ደካማ ነበረ። ስለዚህ ጕልበተኞች ልጆች ይመቱትና ያዋርዱት ነበር። እርሱም ደካማው ኀይለኛውን የሚጥልበት ጁጁትሱ የሚባል የትግል ጥበብ መኖሩን ሰምቶ መምህር ይፈልግ ጀመረ።

በ1877 ዓ.ም. ፉኩዳ ከሚባል መምህር ዘንድ ገባ። ካኖ የአጣጣሉን ምሥጢር ሲጠይቀው ፉኩዳ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ደጋግሞ ይጥለው ነበር። ካኖም እየወደቀ ተማረ። ፉኩዳ ከሞተ በኋላ ከኢሶ፤ ቀጥሎም ከኢኩቦ ዘንድ ተማረ።

በ1882 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ በቶኪዮ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። የትግሉንም ስም ጁዶ አለው፤ ትርጓሜውም የልስላሴ መንገድ ማለት ነው። ክፍሉ 12 ሰሌን ብቻ የሚዘረጋበት ነበረ። ተማሮቹ ሲወድቁ የወለሉ ሳንቃ በተሰበረ ጊዜ መምህራቸው ካኖ ራሱ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ከወለሉ በታች እየዳኸ ይጠግነው ነበር። ኢኩቦንም ወደዚያ እየጠራ ከእርሱ መማርን አልተወም።

አንድ ቀን ሲታገሉ ካኖ ኢኩቦን ደጋግሞ ጣለው። ኢኩቦም ተደንቆ ምክንያቱን ጠየቀው። ካኖ ሰው አስቀድሞ ሚዛኑን ካልሳተ በቀላሉ እንደማይወድቅ መርምሮ ማግኘቱን ገለጠለት። ያን ጊዜ ኢኩቦ ከእንግዲህ ወዲህ የሚያስተምረው ትግል እንደሌለው መሰከረለት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ምስጋና ሲያገኝ ከመምህሩ የበለጠ መስሎት መምህሩን ይንቃል። ካኖ ግን ከኢኩቦ የተማረውን የቀድሞ ሥርዐት በኮዶካን እንዲጠበቅ አደረገ።

በ1909 ዓ.ም. ካኖ ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው የዓለም ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ። በ1929 ዓ.ም. በጃፓን ንጉሠ ነገሥት ፊት በቀረበ ጊዜ የ68 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። በዚያ የክብር ቀን ያሳየው ከኢኩቦ የተማረውን ያንኑ የቀድሞ ሥርዐት ነበረ።

በ1938 ዓ.ም. በካይሮ ከተደረገው የኦሎምፒክ ጉባኤ ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሞተ። በ1964 ዓ.ም. ጁዶ በቶኪዮ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር ውስጥ ገባ።

ብዙ ጊዜ ወድቆ የተማረ ሰው ቆሞ በተመሰገነ ጊዜ የጣሉትን መምህሮች ከረሳ ትምህርቱ ጎደሎ ነው።