የፍራንክ ሮዘንብላት አጭር የሕይወት ታሪክ

ፊደል መቁጠር የጀመረ ሕፃን «ለ»ን ከ«ሰ» ጋር ሲያምታታ መምህሩ ያርመዋል። ሕፃኑ ደግሞ ይሳሳታል፤ ደግሞም ይታረማል። ከብዙ ቀን በኋላ ግን ፊደሎቹን በማንም እጅ ተጽፈው ቢያገኛቸው አይስታቸውም። በአእምሮው ውስጥ የተለወጠው ነገር ምን እንደ ሆነ እርሱም ሆነ መምህሩ ለይተው ሊናገሩ አይችሉም። ሕይወት የሌለው መሣሪያስ በዚህ አኳኋን ሊማር ይችላልን? ይህን ጥያቄ በተግባር ለመመለስ ከተነሡት ሊቃውንት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ፍራንክ ሮዘንብላት ነው።

ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1928 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በኒው ሮሼል ከተማ ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በብሮንክስ የሳይንስ ትምህርት ቤት ካጠናቀቀ በኋላ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1950 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1956 ደግሞ በሥነ ልቡና የዶክትሬት ማዕርጉን ተቀበለ። ትምህርቱ የሰውን ጠባይና አእምሮ የሚመለከት ቢሆንም ወደ መሣሪያ ሥራም ያዘነብል ስለ ነበር፣ የሁለቱ ዕውቀቶች መገናኘት ለኋለኛው ሥራው መሠረት ሆነ።

ትምህርቱን እንደ ፈጸመ በበፋሎ ከተማ በሚገኘው የኮርኔል የበረራ ምርምር ላቦራቶሪ ተቀጠረ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1957 «ፐርሴፕትሮን» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ዕቅድ አቀረበ። የሰው አንጎል እጅግ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተሳስረው የሚሠሩበት መረብ ነው። ሮዘንብላትም ይህን አሠራር በቀላል መልኩ ለመምሰል ሞከረ። በመሣሪያው ውስጥ ከዓይኑ ወደ መልሱ የሚሄዱ ብዙ መስመሮች ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ መስመር ለመልሱ የሚያበረክተው ድርሻ አለው። መሣሪያው ትክክለኛ መልስ ከሰጠ ድርሻዎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ከተሳሳተ ግን ወደ ስሕተት የመሩት ድርሻዎች ዝቅ፣ ወደ እውነት የሚመሩት ከፍ ይደረጋሉ። በሌላ አነጋገር መሣሪያው የሚማረው ከስሕተቱ ነው።

ይህ አሳብ በመጀመሪያ የተፈተነው በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1958 በተደረገው ትርኢት ኮምፒዩተሩ ሃምሳ ያህል ጊዜ ከሞከረ በኋላ በግራ በኩል ምልክት ያለባቸውን ካርዶች በቀኝ በኩል ምልክት ካለባቸው ለይቶ ዐወቀ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1960 ራሱን የቻለ መሣሪያ ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ። ይህም በ20 ረድፍና በ20 ዓምድ የተደረደሩ 400 የብርሃን ተቀባዮች እንደ ዓይን ሆነው የሚያገለግሉት ነበር። የመስመሮቹን ድርሻ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ መቈጣጠሪያዎች ናቸው። መሣሪያው በዚህ ዘዴ የላቲን ፊደላትን ቅርጽ መለየት ተማረ።

ዝናው ወዲያው ተሰማ። ጋዜጦችም መሣሪያው ወደ ፊት እንደሚራመድ፣ እንደሚናገርና ስለ ራሱ ህልውና እንደሚያውቅ ጻፉ። ሮዘንብላት ራሱም በተስፋ የተሞሉ ደፋር ቃላትን ከመናገር አልተቈጠበም። ይህ ከመጠን ያለፈ ውዳሴ ብዙ ሊቃውንትን አላስደሰተም። ከእነርሱም አንዱ በዚያው በብሮንክስ ትምህርት ቤት የተማረው ማርቪን ሚንስኪ ነበር። ሚንስኪና ባልደረባው ሲሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ የቀላሉን ፐርሴፕትሮን ድክመት በሒሳብ አረጋገጡ። ለምሳሌ ከሁለት መብራቶች አንዱ ብቻ ሲበራ «አዎን»፣ ሁለቱም ሲበሩ ወይም ሁለቱም ሲጠፉ «አይደለም» እንዲል ቢፈለግ፣ ባለ አንድ ደረጃው መሣሪያ የቱንም ያህል ቢታረም ይህን ሊማር አይችልም።

ማረጋገጫው እውነት ነበር። ሆኖም ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው መጽሐፍ ብዙ ደረጃ ስላላቸው መረቦች አስቀድሞ አጥንቶ ነበር። የጐደለው፣ ስሕተት ሲፈጠር ጥፋቱን በውስጥ ላሉት ደረጃዎች በትክክል አከፋፍሎ የሚያርም ዘዴ ነው። ብዙዎች ግን የአንዱን ዓይነት ድክመት የሁሉም አድርገው ቈጠሩት፤ ለምርምሩ የሚሰጠውም ገንዘብ ወደ ሌላ ዞረ። ሮዘንብላት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩንና ስለ አንጎል መመራመሩን ሳያቋርጥ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1971፣ ልክ 43 ዓመት በሞላው ዕለት፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በጀልባ አደጋ ሞተ። አሳቡ ተንቆ ሳለ ዐረፈ እንጂ ሲከበር አላየም።

እርሱ በሕይወት በነበረበት ዘመን በፊዚክስ ዘርፍ አንድ ችግር እየከበደ ይሄድ ነበር። የአቶምን ውስጣዊ ክፍሎች የሚያጠኑ ሊቃውንት ቅንጣቶችን በታላቅ ፍጥነት ያጋጫሉ። ከግጭቱ የሚወጡት አዳዲስ ቅንጣቶች የሚተዉትን ፍለጋ በፎቶግራፍ እያነሡ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው ይመረምሩ ነበር። የግጭቱ ቍጥር ሲበዛ ግን የሰው ዓይን ሊከተለው የማይችል ሆነ። በጄኔቫ አጠገብ ከመሬት በታች ባለው፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነው ማጋጫ ውስጥ በአንድ ሰከንድ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ የፕሮቶን ግጭት ይፈጠራል።

የተፈለገው የማረሚያ ዘዴ በሰፊው የታወቀው ሮዘንብላት ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የፊዚክስ ተመራማሪዎች የነርቭ መረብን ለቅንጣት ፍለጋ ማንበቢያነት አቀረቡ። አሠራሩ ከሕፃኑ ትምህርት ብዙም አይርቅም። ሊቃውንቱ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ የግጭት ምሳሌዎችን በኮምፒዩተር ያዘጋጃሉ። መረቡ ይገምታል፤ ሲሳሳት ይታረማል። ከሠለጠነ በኋላ እውነተኛውን ግጭት እንዲመረምር ይደረጋል። ለምሳሌ በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው የፌርሚ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በጥንድ ሲፈጠር የታየው ቶፕ ኳርክ የተባለ ቅንጣት ብቻውን መፈጠሩን ያረጋገጡት በ2009 ነበር። እርሱን ከሚመስሉት እጅግ ብዙ ግጭቶች ለይቶ ለማውጣት ከረዷቸው ዘዴዎች አንዱ የነርቭ መረብ ነው። ይሁን እንጂ መረቡ በተሳሳተ ምሳሌ ከሠለጠነ የተሳሳተ መልስ ስለሚሰጥ፣ ውጤቱን የሚመዝኑትና የሚያጣሩት ሰዎች ናቸው።

ዛሬ የሮዘንብላት መሣሪያ በዋሽንግተን በሚገኘው በስሚትሶንያን ተቋም ተጠብቆ ይኖራል። ከሕይወቱ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ወገን ነው። ገና ያልበሰለን ሥራ ከልክ በላይ ማወደስ ሥራውን ይጐዳዋል። ገና ያልበሰለን ሥራ በዛሬ ድክመቱ ብቻ መዝኖ መጣልም እንዲሁ ይጐዳዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ስሕተቱን ለማረም ጊዜ የተሰጠው አሳብ ሠሪው ካላሰበበት ስፍራ ሊደርስ ይችላል።