ማዳም ኩሪና የመጀመሪያዎቹ የራጅ ረዳቶች

በሆስፒታል ራጅ ክፍል ደጃፍ ተራውን የሚጠብቅ በሽተኛ የሐኪሙን ስም ያውቃል፤ እጁን ወይም ደረቱን በትክክለኛው አኳኋን አስተካክሎ፥ ትንፋሹን አስይዞ ሥዕሉን የሚያነሣለትን ረዳት ግን ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ከተማሪዎችም መካከል ሕክምና ሲባል ከሐኪምነት በቀር ሌላ ሙያ ያለ የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ይህን የረዳትነት ሥራ በገዛ እጃቸው ሠርተው ለሌሎች ካስተማሩት ቀዳሚዎች አንዷ ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ማዳም ማሪ ኩሪ ናቸው። ስለ ራዲየም መገኘት ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ ዛሬ የምናወጋው ስለ ጦርነቱ ዘመን ሥራቸው ነው። ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ዋርሶ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት አገዛዝ ሥር ስትሆን ዩኒቨርሲቲዋ ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ታላቅ እኅታቸው ብሮኒያ በፓሪስ ሕክምና ሲማሩ ማሪያ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆነው ከደመወዛቸው እየቆረጡ ይልኩላቸው ነበር፤ ተራው ደርሶ እርሳቸውም በ1891 ፓሪስ ገቡ። በ1895 ፒየር ኩሪን አገቡ፤ በ1898 ሁለቱ ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ፤ በ1903 ከአንሪ ቤክሬል ጋራ የፊዚክስን ሽልማት ተካፈሉ። በ1906 ፒየር በፓሪስ መንገድ ላይ ፈረስ የሚጎትተው የጭነት ጋሪ ደፍጥጦ ገደላቸው። በ1911 የኬሚስትሪውን ሽልማት የተቀበሉት መበለት ሆነው፥ ሁለት ሴቶች ልጆች እያሳደጉ ነው።

በ1914 የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጀርመኖች ወደ ፓሪስ ሲገሠግሡ ማዳም ኩሪ በፈረንሳይ ምርምር እጅ የነበረውን አንድ ግራም ራዲየም ሃያ ኪሎ ያህል በሚመዝን የእርሳስ ሣጥን አስገብተው በባቡር ወደ ቦርዶ ወሰዱና ለባንክ በአደራ አስረክበው ተመለሱ። ሥራ የሚያቆም ሰው ቢሆኑ ኖሮ ቦርዶ መቆየት ይችሉ ነበር።

ራጅን ጀርመናዊው ሮንትገን ካገኘው 19 ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን መሣሪያው በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታል እንጂ በጦር ግንባር አጠገብ እንደ ልብ አይገኝም። በዚህ ምክንያት ቀዶ ጠጋኙ ጥይት ወይም የመድፍ ፍንጣሪ የት እንደ ተቀበረ ሳያውቅ የቈሰለውን ሥጋ በቢላ ይፈልግ ነበር። በሽተኛውን ወደ ራጅ ማምጣት ካልተቻለ ራጁ ወደ በሽተኛው መሄድ አለበት ብለው ማዳም ኩሪ ተነሡ። ከሀብታሞች መኪና ለመኑ፤ ከፋብሪካዎችና ከላቦራቶሪዎች መሣሪያ ሰበሰቡ። በየመኪናው የራጅ ቱቦ፥ ፎቶግራፍ የሚታጠብበት ዕቃና የጨለማ መጋረጃ ተጫነ። ኤሌክትሪክ በሌለበት ሁሉ የመኪናው ሞተር ዲናሞ እያዞረ ኃይሉን ይሰጣል። ወታደሮቹ እነዚህን መኪናዎች ትንንሾቹ ኩሪዎች ብለው ሰየሟቸው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ራጅ የእርሳቸው የምርምር መስክ አልነበረም። ዕድሜያቸው ወደ 47 ሲጠጋ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነው የሰውን የአካል አሠራር አጠኑ፤ መኪና መንዳትና ሞተር መጠገን ለመዱ። የመንጃ ፈቃዳቸውን ያወጡት በ1916 ነው። ሆስፒታል ደርሰው ሽቦውን ዘርግተው፥ መስኮቱን በመጋረጃ አጨልመው፥ ቱቦውን በቁስለኛው ላይ አስተካክለው ከሐኪሙ ጎን ይቆማሉ። ቢላውን የሚይዘው ሐኪሙ ነው፤ እርሳቸው ረዳት ናቸው።

የመጀመሪያዋ ረዳታቸው ልጃቸው ኢሬን ነበረች፤ ጦርነቱ ሲነሣ ገና 17 ዓመት አልሞላትም። በ18 ዓመቷ በቤልጅግ ግንባር አጠገብ አንዱን የራጅ ጣቢያ ብቻዋን ትመራ ነበር። የቱቦውን ስፍራ ለውጦ ሁለት ሥዕል በማንሣት ፍንጣሪው ምን ያህል ጠልቆ እንደ ገባ በጂኦሜትሪ ስሌት ይታወቃል፤ ይህን ስሌት ለማያምን በዕድሜ ለገፋ የጦር ሐኪም ማስረዳት ለአንዲት ልጃገረድ ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። እንዲህም ሆኖ የሶርቦን ፈተናዎቿን በከፍተኛ ማዕረግ አለፈች።

መኪናዎቹ ወደ ሃያ፥ በየሆስፒታሉ የተተከሉት የራጅ ክፍሎች ደግሞ ወደ ሁለት መቶ ሲደርሱ ችግሩ መሣሪያ ማጣት መሆኑ ቀርቶ ሰው ማጣት ሆነ። በማያውቅ እጅ የተነሣ ሥዕል ሐኪሙን ያሳስተዋልና። ስለዚህ በ1916 በፓሪስ በራዲየም ተቋም ውስጥ ለሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ የተማሩ፥ አንዳንዶቹም ከአንደኛ ደረጃ ብዙ ያላለፉ ነበሩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ፥ ስለ ራጅ፥ ስለ ሰውነት ክፍሎችና ስለ ፎቶግራፍ አጠባ ይማሩ ነበር። ከአስተማሪዎቹም አንዷ ያችው ኢሬን ነበረች። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 150 ያህል ሴቶች ሠልጥነው ወደየሥራቸው ተላኩ። በእነዚህ መኪናዎችና ክፍሎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቁስለኞች እንደ ታዩ ይገመታል። ከሰላሙ በኋላ የአሜሪካ ወታደሮችም በዚሁ ተቋም ሥልጠና አገኙ።

ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነበር። ዛሬ የራጅ ሠራተኛ ከእርሳስ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ፥ የተቀበለውን ጨረር የሚለካ ምልክት በደረቱ ላይ አድርጎ ይሠራል። ያን ጊዜ መከላከያው ከጓንትና ከትንሽ የብረት መከለያ እምብዛም አያልፍም ነበር። ጨረሩ እንደሚያቃጥልና እንደሚገድል ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም፤ ከጦርነቱ በፊት የሞቱ የራጅ ሠራተኞች ነበሩ። ቁስለኛው ግን ደሙ እየፈሰሰ ደጅ ላይ ተኝቷል። ማን ከጨረር እሸሻለሁ ይላል?

ማዳም ኩሪ በሐምሌ 1934 የደም መመንመን በሽታ ገደላቸው። ኢሬን ከባሏ ከፍሬዴሪክ ዦሊዮ ጋራ በ1935 የኬሚስትሪን ኖቤል ተቀብላ በ1956 በደም ካንሰር ሞተች። በ1995 የእናቲቱ ዐፅም ወደ ፓንቴዎን ሊዛወር መቃብራቸው ሲከፈት የጨረር ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ የገደላቸው ራዲየም ነው ይል ነበርና። በአስከሬኑ ላይ የተገኘው ራዲየም ግን ከታሰበው ያነሰ ሆነ፤ ባለሙያዎቹም ለሞታቸው ይበልጥ ምክንያት የሆነው በጦርነቱ ጊዜ ከቁስለኞቹ አልጋ አጠገብ ቆመው የተቀበሉት ራጅ ሳይሆን አይቀርም ወደ ማለቱ አዘነበሉ።