ቪክቶር ሄስ፤ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር ያገኙ ሊቅ

በዚህ እትማችን የምናስታውሳቸው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1883 በኦስትሪያ፣ በስቲሪያ ምድር ተወለዱ። አባታቸው የአንድ መስፍን የደን ኃላፊ ነበሩ። ሄስ ትምህርታቸውን በግራዝ ፈጽመው በቪየና የራዲየም ተቋም ገቡ።

በዚያ ዘመን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር እንኳ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች እንደሚገኙበት ታውቆ ነበር። ምክንያቱ ከምድር የሚወጣ ጨረር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ ኢየሱሳዊው ካህን አባ ቴዎዶር ቩልፍ በ1910 መለኪያቸውን ይዘው በፓሪስ አይፍል ማማ ላይ ቢወጡ፣ ጨረሩ እንደ ተጠበቀው ያህል ሳይቀንስ አገኙት።

ሄስ ነገሩን በግምት ሊተዉት አልፈቀዱም፤ ከ1911 ጀምሮ ራሳቸው በባሉን ደጋግመው ወጡ። በኤፕሪል 1912 ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ ለክተው ጨረሩ ስላልቀነሰ፣ ዋናው ምንጭ ፀሐይ እንዳልሆነች ተረዱ። ኦገስት 7 ቀን ማለዳ ደግሞ ከሁለት ባልንጀሮች ጋር በቦሔምያ ከምትገኘው ከአውሲግ ከተማ ተነሡ። ባሉኑ በሃይድሮጂን የተሞላ ነበር፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ምን ልታደርግ እንደምትችል አንባቢያችን ይገምት። እስከ 5,350 ሜትር ከፍ ብለው፣ አየሩ በሳሳበት ስፍራ ሦስት መለኪያዎችን ያነቡ ነበር። ጨረሩ በመጀመሪያ ጥቂት ቀነሰ፤ ከዚያ ግን እየጨመረ ሄዶ በ5,000 ሜትር ገደማ ከምድሩ እጥፍ ያህል ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ከበርሊን ብዙም ሳይርቁ ሲያርፉ፣ ጨረሩ ከላይ፣ ከሕዋ እንደሚመጣ የሚያሳየውን ማስረጃ ይዘው ነበር።

የራዲየም ሥራ አውራ ጣታቸውን አሳጥቷቸዋል። በ1936 ከካርል አንደርሰን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ክብሩ ግን አልጠበቃቸውም፤ ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙ፣ ካቶሊካዊው ሊቅ ከግራዝ ወንበራቸው ተባረሩ፤ ባለቤታቸው ከአይሁድ ዘር ነበሩና ሕይወታቸውም አሰጋ። ባልና ሚስቱ በስዊዘርላንድ በኩል ሸሽተው ኒው ዮርክ ገቡ። በዚያም የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ የሆነው ፎርድሃም ተቀበላቸው። ሄስ በዲሴምበር 1964 ዐረፉ።

ያገኙት ጨረር ዛሬ ራሱ የደመና መመርመሪያ ሆኗል። ጨረሩ አየሩን ሲመታ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። በጄኔቫ አጠገብ በሴርን ከ2009 ጀምሮ የሚካሄደው ሙከራ፣ ጨረሩ ለደመና ጠብታ መነሻ የሚሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶችን ለመፍጠር እንደሚያግዝ አሳይቷል፤ በአየር ንብረት ላይ ብዙ ይለውጣል የሚሉት ግን የቸኮሉ ይመስለናል። በደቡብ ህንድ፣ በኡቲ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 2014 ነጎድጓዳማ ደመና ሲያልፍ የሙዮኖቹ ቁጥር ሲቀንስ ታየ። ተመራማሪዎቹም ከዚሁ ተነሥተው፣ ማንም ወደ ደመናው ሳይወጣ፣ በውስጡ 1.3 ቢሊዮን ቮልት ያህል እንደነበረ አሰሉ።