ዊልሄልም አልበርትና የማጓጓዣ ሰንሰለት ድካም

በስኳር ፋብሪካ አገዳና ባጋስ የሚያጓጉዝ ሰንሰለት ጥንካሬ ሲተነተን በቅድሚያ የሚጠቀሰው የኦገስት ቮለር ስም ነው። ሆኖም ቮለር የባቡር አክስሎችን ከመፈተኑ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ይህንኑ ጥያቄ በሰንሰለት ላይ ያነሣው ሕግ የተማረ የማዕድን ሹም ነበር።

ዊልሄልም አልበርት እ.ኤ.አ. በ1787 በሃኖቨር ተወለደ። በጎቲንገን ሕግ አጥንቶ በ1806 በሃርዝ ተራሮች በምትገኘው ክላውስታል የማዕድን አስተዳደር ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደረሰ።

በዘመኑ የአካባቢው የማዕድን ጉድጓዶች እየጠለቁ ነበር። የሄምፕ ገመድ በእርጥበት ይበሰብሳል፤ የብረት ሰንሰለት ደግሞ ጥልቀቱ በጨመረ መጠን የገዛ ክብደቱ ሸክም ይሆንበታል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰንሰለቱ ያለ ምልክት መበጠሱ ነበር። አንዲት ቀለበት ከተሰነጠቀች ሸክሙን የሚጋራት ሌላ ስለሌለ ጭነቱ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ለዓመታት የተሸከመውን ጭነት አንድ ቀን መሸከም ለምን አቃተው?

አልበርት በ1829 ገደማ ሰንሰለቶችን በአንድ ከባድ ጭነት ከመበጠስ ይልቅ መጠነኛ ጭነት እየደጋገመ በማሳረፍ ፈተነ። ስብራቱ ከድንገተኛ ከልክ ያለፈ ጭነት የመጣ ሳይሆን በጭነቱ መጠንና በድግግሞሹ ብዛት የሚወሰን መሆኑን ተረዳ። ዛሬ ፋቲግ የሚባለው የብረት ድካም በሙከራ የተጠናበት የመጀመሪያው የታወቀ ሥራ ይኸው ነው።

ግኝቱ ለስኳር ፋብሪካም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ለአብነት፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 80 ሜትር የሆነ ሰንሰለት በደቂቃ 10 ሜትር ቢጓዝ ዙሩን በ8 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ያለማቋረጥ በሚሠራበት የ150 ቀን የምርት ወቅት እያንዳንዱ ማያያዣ 27,000 ጊዜ ይወጠራል፣ ይላላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በጥርሳማው ጎማ ላይ የሚደርሰው ምት እና የአገዳ ጭማቂ የሚያስከትለው ዝገት ሲታከሉበት በፒን ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ለመጀመር ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ የመበጠሻ ጭነትን ብቻ በደኅንነት ቁጥር አካፍሎ ማለፍ ጥያቄውን በግማሽ መመለስ ነው።

አልበርት ራሱ የመረጠው መፍትሔ ሰንሰለቱን መተው ነበር። እያንዳንዳቸው አራት ሽቦ ያላቸውን ሦስት ጥምሮች አንድ ላይ በመግመድ የሠራው የብረት ገመድ በሐምሌ 1834 በክላውስታል ካሮሊን ጉድጓድ ሥራ ጀመረ። በዚህ ገመድ አንድ ሽቦ ቢበጠስ ሌሎቹ ይሸከማሉ፤ ጉዳቱም አስቀድሞ በዓይን ይታያል። አልበርት በ1846 በክላውስታል ሞተ።