ኩዳዳድ ኻን፦ በቤልጂየም ጭቃ ውስጥ መትረየሱን ያልለቀቀው ሙስሊም ወታደር

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ ተራ ወታደር ታሪክ ነው። ሰውዬው ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን በአውሮፓ ስለ ሙስሊም ስደተኞች ክርክር በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ለምን? አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ቀኑ ትንሽ እንበል። በየዓመቱ ኖቬምበር 11፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ብሪታንያ ለሁለት ደቂቃ የህሊና ጸሎት ትቆማለች። ይህ ልማድ የተጀመረው በ1919 ነው፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ዝም ባለ በዓመቱ። ከ1921 ወዲህ ደግሞ ሰዉ ደረቱ ላይ ቀይ የፖፒ አበባ ይሰካል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው መርጃ ይውላል። ሐዘኑ የሁሉም ነው ይባላል። ነገር ግን ወሩ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ሙስሊሙ ጎረቤታችን አበባውን ሰክቷል ወይስ አልሰካም?

አሁን ወደ ኩዳዳድ እንሂድ።

ኩዳዳድ ኻን የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1888፣ ቻክዋል በሚባለው አካባቢ፣ ዳብ በምትባል መንደር ነው። ቦታው ዛሬ የፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት ነው፤ ያኔ ግን ፓኪስታን የሚባል አገር ገና አልነበረም፣ ሁሉም በእንግሊዝ ሥር ያለች ህንድ ነበረች። መሬቱ የዝናብ ጥገኛ ነው። ዝናብ ከጠፋ እህል የለም። ስለዚህ ለብዙ ወጣት ወታደርነት ማለት ደመወዝ፣ ጡረታና ክብር ነበር። እንግሊዞቹም የአካባቢውን ሰው በተፈጥሮው ተዋጊ ነው ብለው ፈርጀው ስለነበር ምልመላቸውን እዚያው ላይ አጠናክረውት ነበር። ኩዳዳድም 129ኛው የባሉች ሬጅመንት ውስጥ ገባ፤ ማዕረጉ ሲፖይ፣ ማለትም ተራ ወታደር።

በ1914 ክረምት አውሮፓ በጦርነት ተቀጣጠለች። የእንግሊዝ መደበኛ ጦር ትንሽ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታትም ክፉኛ ተመናመነ። ጀርመኖች በቤልጂየም በኩል ወደ ባህሩ ወደቦች እየገፉ ነው። ክፍተቱን ቶሎ የሚሞላ ማን አለ? ህንድ። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ የህንድ ወታደሮች በመርከብ ማርሴይ ወደብ ላይ ወረዱ። ብዙዎቹ የለበሱት ለሞቃት አገር የተሰፋ ስስ የጥጥ ልብስ ነበር። በዚያው ልብስ ወደ ብርድና ወደ ጭቃ ገቡ።

ኦክቶበር 31 ቀን 1914፣ ኢፐር ከተማ አጠገብ፣ ሆለቤክ በምትባል መንደር። የኩዳዳድ ክፍል በቁጥርም በመሣሪያም የበለጠው ኃይል ገጠመው። ሻለቃው የነበሩት መትረየሶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛውን የመድፍ ጥይት መታው፤ ከጥቅም ውጪ ሆነ። እንግሊዛዊው አዛዥ ቆሰለ። የቀረው የኩዳዳድ መትረየስ ነው። እሱም ቆስሏል፤ ግን መተኮሱን አላቆመም። አብረውት የነበሩት አምስት ጓዶቹ አንድ በአንድ ወደቁ። አምስቱም ሞቱ። ጠላት ቦታውን ሲይዝ እሱንም ሞቷል ብሎ አልፎት ሄደ። ሲጨልም እየተሳበ ወደ ወገን ጦር ተመለሰ።

አንድ ሰው ብቻውን ጦርነቱን አዳነ ብለን አናጋንን። የእነዚያ ሰዎች መዘግየት ግን ረዳት ጦር እስኪደርስ ጊዜ ሰጠ፤ ጀርመኖችም ወደቦቹን ሳይዙ ቀሩ።

ለዚህ ጀግንነቱ ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለው፣ ከእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻኖች ሁሉ ከፍተኛው፣ እንደተሰጠው ዲሴምበር 7 ቀን 1914 ታወጀ። ከህንድ ተወላጅ ወታደሮች ይህን ኒሻን ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ከሙስሊሞች ደግሞ የመጀመሪያው። ልብ በሉ፣ ህንዳውያን ለዚህ ኒሻን እንዲታጩ የተፈቀደው በ1911 ነበር። ሦስት ዓመት ቀድሞ ይህንኑ ቢሠራ ኖሮ ኒሻኑ አይገባህም ይባል ነበር። ጃንዋሪ 1915 ላይ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በእጃቸው ሰጡት።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለፖለቲከኛ ንግግር ይመቻል፦ ታማኝ ሙስሊም፣ ጀግና ወታደር፣ ደስ ያለው ንጉሥ። ነገሩ ግን ያን ያህል ቀላል አልነበረም።

ከሆለቤክ ውጊያ ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ኖቬምበር 14፣ በኢስታንቡል የኦቶማን መንግሥት ሙስሊሞች በሙሉ በእንግሊዝና በአጋሮቿ ላይ እንዲነሱ የጂሃድ ጥሪ አወጀ። ጀርመንም ይህን ለመጠቀም በርሊን አቅራቢያ ለተማረኩ ሙስሊም ወታደሮች ልዩ ካምፕ አዘጋጀች፤ በ1915 ውስጡ መስጊድ ሠራችላቸው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሲንጋፖር የነበረ የሙስሊም ወታደሮች ክፍል አመፀ፤ ከ40 በላይ የሚሆኑት በአደባባይ ተረሸኑ። እንግሊዝም ለእነዚህ ወታደሮች የነበራት ፊት ሁለት ነበር። በአንድ በኩል ብራይተን ከተማ ያለውን የነገሥታት ቤተ መንግሥት ሆስፒታል አድርጋ፣ ለሙስሊሙም ለሂንዱውም ማድ ቤቱን ለይታ አከመቻቸው። ለሞቱት ሙስሊሞችም ዎኪንግ ላይ የእስልምና መካነ መቃብር ሠራች። በሌላ በኩል ቁስለኞቹ ከተማ ወጥተው እንደልባቸው እንዳይዘዋወሩ ትቆጣጠራቸው ነበር።

በጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን በላይ የህንድ ወታደሮችና ሠራተኞች ባህር ተሻግረው ዘመቱ። በጦሩ ውስጥ የነበሩት ሙስሊሞች ወደ 400 ሺህ ይገመታሉ። ከ70 ሺህ በላይ ህንዳውያን አልተመለሱም። ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1919፣ በኩዳዳድ የትውልድ ግዛት በፑንጃብ፣ አምሪትሳር ከተማ ውስጥ፣ በእንግሊዛዊ መኮንን ትእዛዝ ወታደሮች መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ ተኮሱ። የመንግሥት ቁጥር እንኳ 379 ሰው ሞተ ይላል። ወታደር የሰጠ ግዛት ወሮታው ይህ ሆነ።

ኩዳዳድ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በሠራዊቱ ቆየ፣ እስከ ሱበዳር ማዕረግ ደርሶም ጡረታ ወጣ። በ1947 ህንድ ስትከፈል የፓኪስታን ዜጋ ሆነ። ማርች 8 ቀን 1971፣ በ82 ዓመቱ፣ ማንዲ ባሃኡዲን በሚባለው አካባቢ አረፈ። ራዋልፒንዲ ባለው የፓኪስታን ጦር ሙዚየም ሐውልት ቆሞለታል።

እንግዲህ ስደቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከዚያው ከሰሜን ፑንጃብና ከአጎራባቹ ሚርፑር ብዙ ሺህ ሰው ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። ሚርፑር ውስጥ የማንግላ ግድብ ሲሠራ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ከነሱም ብዙዎቹ የብራድፎርድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና የበርሚንግሃም ብረት ማቅለጫዎች ሠራተኞች ሆኑ። የወታደር አገር ልጆች ናቸው። ግን ጎረቤቶቻቸው እንደ አዲስ መጤ እንጂ እንደ ጦር ጓድ የልጅ ልጅ አላዩዋቸውም። ትምህርት ቤት የሚነገረው የምሽግ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የነጭ ወታደሮች ብቻ ነበር። ዎኪንግ የተቀበሩት ሙስሊም ወታደሮችም እዚያ እንኳ አላረፉም፤ መቃብሩ በተደጋጋሚ ጉዳት ስለደረሰበት በ1968 አስከሬናቸው ወደ ሌላ መካነ መቃብር ተዛወረ። በለንደን እነዚህን ወታደሮች የሚያስታውሰው ትልቁ በር የተመረቀው በ2002 ነው።

በመሃል የተፈጠረውን ክፍተት ጯሂዎች ገቡበት። በ2010 አንድ አነስተኛ አክራሪ ቡድን ለንደን ውስጥ በህሊና ጸሎቱ ሰዓት የፖፒ አበባ አቃጠለ። ቡድኑ በዓመቱ ታገደ፤ ጥርጣሬው ግን በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰላማዊ ሙስሊም ተረፈ። በ2014፣ የኩዳዳድ ውጊያ 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ የፖፒ ሥዕል ያለበት ሂጃብ ለሽያጭ ቀረበ። አንዳንዶች በደስታ ለበሱት። ሌሎች ሙስሊሞች ደግሞ ታማኝነታችንን ራሳችን ላይ ጠምጥመን እንድናስመሰክር ለምን እንጠየቃለን ብለው ተቃወሙ። ሁለቱም የሚሉት አላቸው።

በ2021 ደግሞ የጦር መቃብሮችን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን የራሱን ታሪክ መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ቢያንስ 116 ሺህ፣ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም፣ ወይም ጨርሶ አልታሰቡም። አብዛኞቹ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥት በፓርላማ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣ ነው።

ኖቬምበር 11 ቀን 2023 ለንደን ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለፍልስጤም የተጠራው ትልቅ ሰልፍ ቀኑን ያረክሳል ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ተወራ። ሰልፉ የተጀመረው ከህሊና ጸሎቱ በኋላ፣ ከመታሰቢያ ሐውልቱ ርቆ ነበር። ሐውልቱ አጠገብ ከፖሊስ ጋር የተጋጩት ቀኑን ልንጠብቅ መጣን ያሉት ነበሩ።

ይሄ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። የኩዳዳድ ሻለቃ በ1922 ስሟ ተቀይሮ የ10ኛው ባሉች ሬጅመንት 4ኛ ሻለቃ ተባለች። ኖቬምበር 1940 ጣሊያንን ለመውጋት ጋላባት ላይ የተሰለፈችው እሷው ናት፤ አጼ ዮሐንስ የወደቁባት መተማ ፊት ለፊት። በ1941ም ከረን ላይ ተዋጋች። ከረን ሲወድቅ ጣሊያን ከሰሜን በኩል ተሰበረ። ሚያዝያ 27 የአርበኞችን ቀን ስናከብር ድሉ በቀዳሚነት የአርበኞቻችን ነው፤ ከፑንጃብ መጥተው እዚያ ተራራ ላይ የቀሩትን ሙስሊምና ሂንዱ ወታደሮች ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? የመታሰቢያ ቀን ስደተኛን ከአገሩ ሰው ጋር የሚያስተሳስረው እውነተኛውን የሟቾች ዝርዝር ሙሉ ሲያነብ ነው። ስሙ ሲጠራ የሰማ ልጅ አበባውን ስከ ተብሎ ግዴታ አያስፈልገውም። ቀኑ የታማኝነት ፈተና ከሆነ ግን ሐዘን መሆኑ ይቀርና የበር ላይ ፍተሻ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። የኩዳዳድ ታሪክ ሌላውን ስደተኛ ማሸማቀቂያ መሆን የለበትም። አያቱ ለእንግሊዝ ያልተዋጋ ሶሪያዊ፣ ኤርትራዊ ወይም ኢትዮጵያዊ ሙስሊም የለንደን አውቶቡስ እየነዳ፣ ግብሩን እየከፈለ ይኖራል። ዜግነቱ የአያት ደም ደረሰኝ አይጠየቅበትም። ኩዳዳድ የሚያስተምረን ሙስሊሞች ከአውሮፓ ታሪክ ውጪ እንዳልነበሩ ነው፤ ሌላው ሰው ክብሩን በደም ይግዛ ማለት አይደለም።

በውጭ አገር የምትኖሩ ቤተሰቦቻችን፣ በምትኖሩበት አገር የጦርነት መታሰቢያ ቀን እንዴት ይከበራል? ልጆቻችሁስ ትምህርት ቤት የማንን ስም ይሰማሉ? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ እናነባለን። ሰላም ዋሉ!